ፒያኖ የተሸከመው ሰው

ሊይዙኝ የመጡት ሁለት ፖሊሶች መዝሙሩ እስኪያልቅ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ የመዘምራን ልምምድ ላይ ኪቦርድ እየተጫወትኩ ነበር። አንደኛው ፖሊስ ኮፍያውን አውልቆ ዜማውን በከንፈሩ ሲከተል አይቼዋለሁ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ቃሉ ጠፋበትና ዝም አለ። ስንጨርስ ጠጋ ብሎ፣ "መምህር፣ አንዴ ለጥያቄ ፈልገንዎት ነው" አለኝ። ኪቦርዱን ከሶኬት ነቅዬ ጨርቅ አለበስኩትና ተከተልኳቸው። "አንዴ" ያለው ሰባ አንድ ቀን ሆነ።

ጥፋቴ አንድ ጥያቄ ነበር። በሠራተኞች ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ፣ ስለ እኛ የሚወሰነው ነገር ለምን እኛ ሳንጠየቅ ይወሰናል ብዬ ጠየቅሁ። ሰብሳቢው "ጥሩ ጥያቄ ነው" ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈው። ሊመልስልኝ መስሎኝ ነበር።

ያስገቡኝ የጣቢያው አራተኛ ክፍል ነው። መጀመሪያ ለዕቃ ማከማቻ የተሠራ ይመስለኛል፤ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የሲሚንቶ ወለል፣ ከፍ ብላ የተሰቀለች አንዲት ጠባብ መስኮት። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ፊቴን የመታኝ ሙቀቱ ነው። ውጭ የሆሳዕና ብርድ ነበር፣ ውስጥ የአርባ ሦስት ሰው ትንፋሽ። ሁሉም ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ጠጋ አለና ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ተገኘ። በመስኮቷ በኩል ከመናኸሪያው "ዱራሜ የሞላ! አንጋጫ፣ አንጋጫ!" እያሉ ሲጣሩ ይሰማል። ሰው በፈቃዱ ተነሥቶ አንጋጫ መሄድ መቻሉ በዚያን ሰዓት በጣም ገረመኝ።

ክፍሉ የራሱ ሥርዓት ነበረው። ከየቤቱ የሚመጣው ምግብ በቡድን ይበላል፤ ስድስት ስድስት ሰው በአንድ ሰሃን። ስንቅ የሚያቀብለው ዘመድ የሌለው፣ ዘመድ ካለው ጋር ይመደባል። ለብቻው የሚበላ ሰው የለም። ከምሳ በኋላ ደግሞ "ትምህርት" የሚሉት ነገር አለ፤ እያንዳንዱ የሚያውቀውን ለሌላው ያስተምራል። አንድ የግብርና ባለሙያ ስለ እንሰት በሽታ፣ አንድ መካኒክ ስለ ናፍጣ ሞተር ሲያስተምሩ ደርሼአለሁ። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ የክፍሉ ተጠሪ፣ "መምህር፣ ያንተ ሙያ ምንድን ነው?" አለኝ።

"ሙዚቃ" አልኩ። "ፒያኖ።"

ለምን "ኪቦርድ" እንዳላልኩ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙዚቃ አስተምሬአለሁ፤ የተማርኩትም፣ ያስተማርኩትም፣ በየእሑዱ የተጫወትኩትም ኪቦርድ ላይ ነው። እውነተኛ ፒያኖ በጣቴ ነክቼ አላውቅም። ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ቀበቶዬን፣ የጫማዬን ማሰሪያና ስልኬን ተነጥቄአለሁ፤ የቀረኝ ሙያዬ ብቻ ነበር፤ እሱንም ትንሽ ከፍ አድርጌ አቀረብኩት።

ኮቴ ኪስ ውስጥ የተረሳ ጠመኔ ነበረኝ። ወለሉ ላይ የፒያኖ ጥርሶች፣ በጣት የሚጫኑትን፣ ሳልኩላቸው፤ ነጩን ባዶ ትቼ ጥቁሩን በጠመኔ ሞላሁት፤ እዚያ ቤት ሁሉ ነገር የተገላቢጦሽ ነው ብዬ አሳቅኋቸው። ፒያኖ ሰማንያ ስምንት ጥርስ እንዳለው፣ ለምን ለስላሳም ኃይለኛም ድምፅ እንደሚያወጣ አስረዳሁ። ከዚያ ስለ ታላላቆቹ ፒያኒስቶች ማውራት ጀመርኩ። የፈረንጅ ስም በክፍላችን አፍ አልዞር ስላለ ቅጽል አወጣንላቸው። በወጣትነቴ በካሴት እሰማው የነበረውን "ባለ ካሴቱ" አልነው። በስልክ ያየኋትን ሌላዋን "ሴትዮዋ" አልናት። ከዓለም አንደኛው ባለ ካሴቱ ነው ብዬ ፈረድኩ። ሴትዮዋ ጎበዝ ናት፣ ግን ጉልበት ያንሳታል አልኩ። አንዱ፣ "መምህር፣ በዓይንህ አይተኸዋል?" ሲል ጠየቀኝ።

"አዎ" አልኩ። "አዲስ አበባ፣ ለሥልጠና ሄጄ፣ አንድ ኤምባሲ ጋብዞት መጥቶ ነበር። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነው የሰማሁት።"

ውሸት ነበር። ግን ሰው ሁሉ ወደ እኔ ተጠጋ፤ እኔም ቀጠልኩበት። ሁለት ሳምንት ሙሉ የምሳ ሰዓት ሲደርስ "ዛሬስ መምህር ያስተምር" ይባል ጀመር። አባባ የምንላቸው የሌሞ ገበሬ እንኳ፣ ከእንሰትና ከገብስ ሌላ ወሬ የማይወዱት፣ "ያ ሰውዬ ጣቱን ምን ይቀባዋል?" እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። እውነቱን ልናገር፤ ታስሬ ሳለሁ ደስተኛ ነበርኩ። ውጭ ሳለሁ ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ አዳምጦኝ አያውቅም።

በሦስተኛው ሳምንት ሹፌሩ መጣ።

የአንጋጫ ልጅ ነው፤ ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ አነጋገሩ ዝግ ያለ። ከአንጋጫ ሆሳዕና ሚኒባስ ይነዳል። የታሰረው ፖሊስ የሚፈልጋቸውን ሰዎች ጭነሃል ተብሎ ነው። "እኔ መንገደኛ ነው የጫንኩት" ብሎ ነገረን። "ጠይቀው ነው የሚገቡት እንጂ እኔ አልጠይቃቸው።" እንደ ደንቡ ቦታ ተሰጠው፤ ከእኔ ቡድንም ተመደበ። መጀመሪያ ቀን የሳልኩትን የፒያኖ ጥርስ ዝቅ ብሎ ለረጅም ጊዜ ሲያየው ነበር፤ ከዚያ እንዳይረግጠው በዳር ዞሮ አለፈ።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ባለ ካሴቱን እያነሣሁ ሳለሁ እጁን አወጣ።

"መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያቺ ሴትዮ ፀጉሯን እንዲህ ወደ ኋላ የምታስረው ናት? አንገቷ ላይ ጠባሳ ያላት?"

"ናት" አልኩ። ጠባሳዋን በስልኬ ቪዲዮ ላይ አይቼዋለሁ፤ ለክፍሉ ግን ነግሬ አላውቅም።

"እሷ እንኳ ጉልበት አያንሳትም።"

ክፍሉ ሳቀ። "አንተ ደግሞ የት ታውቃታለህ?" አለው አንዱ ወጣት።

ሹፌሩ ተረጋግቶ ተናገረ። ሚኒባስ ሳይገዛ በፊት አረብ አገር አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ዕቃ ተሸካሚ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ፒያኖ ያስገቡት እነሱ ናቸው። ሴትዮዋ ጠዋት ብቻዋን ልትለማመድ ስትመጣ መድረኩ ዘመም ስላለ የፒያኖውን አንዱን ጎማ በእንጨት ደግፎ የሚጠብቅ ሰው ተፈለገ፤ እሱን አስቀመጡት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከመጋረጃው ጀርባ ቁጭ ብሎ ሰማት።

"ስድስት ሆነን ወገባችን የተቆረጠበትን ዕቃ" አለ፣ "እሷ በአሥር ጣት አንቀጠቀጠችው። እኔ እንጨቱን ይዣለሁ፤ እንጨቱ እጄ ውስጥ ይርገፈገፋል። ከዓለም አንደኛው ማን እንደሆነ አላውቅም። ከሷ የሚበልጥ ካለ ግን እሱን የሚችል ወለል የለም።"

አርባ ምናምን ሰው በአንድ ጊዜ አጨበጨበ። አባባ ጉልበታቸውን እየመቱ፣ "እውነቱን ነው! ዕቃን ተሸካሚ ያውቀዋል!" አሉ። እኔም ከአንገት በላይ ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን እርር አለ።

ቅናት ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሰው ይህን ታሪክ ባያነበው ይሻላል። ሚስቴ ሌላ ወንድ ሳቅ ብላ ስታነጋግር ቀንቼ አላውቅም። ጓደኞቼ ቤት ሲሠሩ፣ ልጆቻቸው ውጭ አገር ሲሄዱ አልቀናሁም። በዚያ ሰው ግን ቀናሁ። እኔ በሙሉ ዕድሜዬ በካሴትና በስልክ ስለቃቅም የኖርኩትን ድምፅ፣ አንድ የአንጋጫ ልጅ ኖታ ሳያውቅ፣ ሳይፈልገው፣ ለእንጀራው ብሎ ተቀምጦ በጆሮው ጠጥቶታል። ለእኔ የሚገባው ነገር በስሕተት እሱ ቤት የገባ መሰለኝ።

ደግሞ በዚያ አላበቃም። በየቀኑ እሱን ይጠይቁት ጀመር። "እስቲ ያችን የጎማዋን ንገረን።" "ስትሳሳትስ ምን ትላለች?" እሱም ስትሳሳት አንዲት ቦታ ላይ ሃያ ጊዜ እንደምትመለስ፣ ከመጀመሯ በፊት ስድስቱንም ተሸካሚ በእጇ እንደጨበጠች ይነግራቸዋል። "ኮረኮንች ላይ እንደሚለማመድ ሹፌር ናት" ይላል። እኔ ስለ ስምምነተ ድምፅ ስጀምር ሰዎቹ በጨዋነት ያዳምጡኛል፤ አንዳንዱ ግን ጥፍሩን ሲያይ እመለከት ነበር።

በአራተኛው ቀን ቅናቴ ምላስ አወጣ። ሹፌሩ ለሶላት ተነሥቶ ሳለ ከቡድኔ ለሁለቱ፣ "እናንተ፣ ይሄ ነገር አይከነክናችሁም?" አልኳቸው። "ዕቃ ተሸካሚን እንዲህ ያለ አዳራሽ ማን ያስቀምጠዋል? አንዱ አስተምሮ የላከው እንዳይሆን።"

ያልኩት ይህን ብቻ ነው። ሰላይ ነው አላልኩም፤ እንደሚሉት ግን አውቅ ነበር። በእስር ቤት ውስጥ "የተላከ" ከሚለው ቃል የበለጠ ቶሎ የሚሮጥ ነገር የለም። ፀሐይ ከመስኮቷ ሳትወርድ ክፍሉን ዞረ።

በማግስቱ ምሳ ሲቀርብ ከቡድናችን አንዱ ሰሃኑን አንሥቶ ወዲያ ሄደ፤ ሌሎቹ ተከተሉት፤ እኔም ተከተልኩ። ሹፌሩ እጁን ታጥቦ ሲመለስ ባዶ ወለል አገኘ። አንድ ሰው ድርሻውን በፌስታል ቁራጭ ላይ አድርጎ አቀበለው። ብርድ ልብሱን ሽንት ባልዲው አጠገብ ወስደው አነጠፉለት። ከእሱ ጋር የሚሰግዱት ሁለት ሰዎች እንደ ወትሮው ጎኑ ይቆማሉ፤ ሰግደው ሲጨርሱ ግን እንደ በፊቱ አይጨብጡትም። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም። እሱም ለምን ብሎ አልጠየቀም። ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ በዝግታ ይበላል፤ ፌስታሉን አጥፎ ያስቀምጣል። የክፍሉን ትምህርት እኔ ብቻዬን ቀጠልኩ። ጥፍሩን የሚያይ አልነበረም። ያም ሆኖ ምላሴ እንደ ድሮው አልታዘዝ አለኝ።

አራት ቀን እንዲህ ሆነ። በአራተኛው ቀን ሁለት ወጣቶች ባልዲው ጋ ቆመው ሲንሾካሾኩ ሰማኋቸው። አንደኛው "ዛሬ እናናግረዋለን" አለ። እጁን የጨበጠበት ሁኔታ የንግግር አልነበረም። የክፍሉ ተጠሪም ሰምቶ ኖሮ በቀጥታ አባባ ጋ ሄደ።

አባባ ከምሳ በፊት ሁሉንም አስቀመጡ። ሹፌሩንና እኔን ብቻ አስነሡን። በእሳቸው አገር ሽምግልና ምስክር ቆሞ ነው የሚናገረው፤ ሌላው ሁሉ ይቀመጣል፤ ምስክሩ ሲናገር የሚያስል እንኳ የለም። አማርኛቸውን እየመረጡ ተናገሩ።

"ሰው ሰላይ ነው፣ አይደለም ብሎ ማንም አይመሰክርም። ልብ ውስጥ ነው፤ አይታይም። ስለዚህ የሚታየውን እንጠይቅ። ይህ ልጅ ፒያኖ ተሸክሜአለሁ፣ ሴትዮዋን ሰምቻለሁ ብሏል። እውነት ከሆነ ሌላውንም አምነን እንተወዋለን። ውሸት ከሆነ ወጣቶቹ እንዳሉት ይሁን። ፒያኖ የሚያውቅ ደግሞ መምህር ነው። እሱ ይጠይቀው። መምህር ከቃሉ ጋር ነው፤ እሱ ካለ አለቀ።"

ከዚያ ወደ ሹፌሩ ዞሩ። "ለመምህር ስትመልስ ራስህ ያየኸውን ብቻ። ሰው የነገረህን ለራሱ ለነገረህ ሰው ተውለት።"

"እሺ አባባ" አለ።

እንግዲህ የሰውዬው ነገር በእጄ ወደቀ። ልምር ብል ቀላል ነበር፤ አንዲት ጥያቄ ጠይቄ "ልክ ነው" ማለት ብቻ ነው የሚበቃኝ። ግን እዚያ ቆሜም ቅናቴ አልተወኝም። ሊመልሰው የማይችለውን ጥያቄ መረጥኩ።

"ፒያኖ ስንት ጥርስ አለው?"

ሹፌሩ አሰበ። "አልቆጠርኩም መምህር" አለ። "እኔ የተሸከምኩት ነው።"

ከኋላ ማጉረምረም ተነሣ። ከወጣቶቹ አንዱ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። አባባ እጃቸውን ዘርግተው አስቀመጡትና ሹፌሩን፣ "የምታውቀው ምንድን ነው?" አሉት።

"ልኩን አውቃለሁ" አለ። "የአዳራሹ በር ስድስት ስንዝር ነበር። ፒያኖው ሰባት። እንደቆመ አይገባም። እግሮቹን ፈታናቸው፤ በጎኑ አቆምነው፤ በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ ጋሪ ላይ አድርገን አስገባነው። እኔ በታችኛው በኩል ነበርኩ።" ሸሚዙን ከፍ አድርጎ ከጎኑ በታች ያለ ረዘም ያለ ጠባሳ አሳየ። "ይሄ የሱ ነው።"

ከዚያ ጎንበስ አለና ወለሉ ላይ የሳልኩትን በስንዝሩ ለካው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አራተኛው ስንዝር ላይ ሥዕሉ አለቀ።

"ይሄ አራት ነው" አለ፤ ድምፁ ውስጥ ክርክር አልነበረም። "የዚያኛው ጥርሱ ብቻ ስድስት ይሆናል። ለዚህ ሥዕል አንድ ስንዝር ከዚህ፣ አንድ ስንዝር ከዚያ ይቀረዋል። ሌላ ዓይነትም ይኖራል እንግዲህ፤ መምህር ያውቃሉ።"

ሥዕሉን አየሁት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆጠርኩት። ስልሳ አንድ። የቤተ ክርስቲያናችን ኪቦርድ ስልሳ አንድ ጥርስ ነው ያለው። አፌ ሰማንያ ስምንት ሲል እጄ የለመደውን ስሎ ቁጭ ብሏል። ከአርባ ሦስት ሰው አንድም የቆጠረ የለም፤ አምነውኝ ነበር።

አሁንም መውጫ ነበረኝ። "ተሳስቷል፤ ፒያኖ አራት ስንዝር ነው" ብል የሚከራከረኝ አልነበረም። አባባ ቀድመው "እሱ ካለ አለቀ" ብለዋል። ሹፌሩ ራሱ በሩን ከፍቶልኛል፤ ሌላ ዓይነትም ይኖራል ብሏል። ያ ደግነቱ ነው ያናደደኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ወጣቱ ግን አሁንም እጁን እንደጨበጠ ነበር። ያንን እጅ አየሁት። ያ እጅ የሚሰነዝረው የእኔን ቡጢ ነው።

"ልክ ነው" አልኩ። "ፒያኖ እሱ እንዳለው ነው። የሳልኩት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ይህ የቤተ ክርስቲያናችን ኪቦርድ ነው።"

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር፤ ግን ቀሪው ራሱ መጣ።

"እኔ ፒያኖ ነክቼ አላውቅም። ባለ ካሴቱንም በአካል አልሰማሁትም። አዲስ አበባ መጥቶ ነበር፤ እሱ እውነት ነው። የጥሪ ካርድ ስላልነበረኝ ዘበኛው ከበር መለሰኝ። እስኪያልቅ ዝናብ ውስጥ አጥሩ ጋ ቆሜ ጠበቅሁ። ግንቡ ወፍራም ነው። የሰማሁት ጭብጨባውን ብቻ ነው። አራት ጊዜ አጨበጨቡለት። ስለ እሱ ያን ክፉ ወሬ ያስጀመርኩትም እኔ ነኝ። ሰላይ መስሎኝ አይደለም። ቀንቼበት ነው።"

የሳቀ ሰው አልነበረም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። ወጣቱ ጭብጡን ፈትቶ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። አባባ፣ "እንግዲህ ምስክርነቱ ተሰምቷል" አሉና ወደ ተጠሪው ዞረው፣ "ምሳው ይቅረብ" አሉ።

በዚያን ቀን ከቤቴ ቆጮና ጎመን መጥቶልኝ ነበር፤ ጠባቂዎቹ ሲፈትሹት ቆጮውን በቢላ ወጋግተውታል። ቡድኔ ቦታ ሊሰጠኝ ጠጋ አለ። አልተቀመጥኩም። ሰሃኔን ይዤ ባልዲው ጋ ሄድኩና ሹፌሩ ፊት አስቀመጥኩት። ሹፌሩ ሰሃኑን አየ፣ እኔን አየ። "ቢስሚላህ" አለና ቆጮውን ለሁለት ቆርሶ ትልቁን ወደ እኔ ገፋው።

ጥቂት በላን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አውቅ ነበር መምህር" አለኝ።

"ምኑን?"

"የሳሉት ፒያኖ እንዳልሆነ። የመጣሁ ቀን ነው ያወቅሁት።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

"ሲያስተምሩ ደስ ይልዎታል። ሰዎቹም ደስ ይላቸዋል። ምን አገባኝ?" ጎመኑን ወደ እኔ አስጠጋ። "እኔ እንደሆነ ሰምቻለሁ። የሰማሁትን ማንም አይወስድብኝ።"

በዚያች ደቂቃ ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። አሁንም ግን፣ ያን ሁሉ ከተናዘዝኩ በኋላም፣ "የሰማሁትን ማንም አይወስድብኝ" ሲል እንደገና ቀናሁበት። ሰውዬው በሁለት ነገር በለጠኝ፤ በጆሮውም፣ በዝምታውም። ጎርሼ ዋጥኩና፣ "ይቅር በለኝ" አልኩት። "ይቅር ለእግዜር" አለኝ፤ በእኛ በክርስቲያኖቹ አነጋገር፣ ደስ እንዲለኝ ብሎ መሰለኝ።

ምሳው ሳያልቅ ሌሎቹ አራት የቡድናችን ሰዎች ሰሃናቸውን እንደያዙ መጥተው ባልዲው ጋ ተቀመጡ። የሚሸት ቦታ ነው፤ ማንም ስለ ሽታው አላነሣም። ሁለቱ አብረውት የሚሰግዱት ሰዎች መጥተው ጨበጡት። ብርድ ልብሱ ወደ ቦታው ተመለሰ። እኔ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ "መምህር ጭብጨባ" ሆንኩ። ጠዋት ስነቃ የሚያጨበጭብልኝ አይጠፋም ነበር። ቀስ በቀስ እኔም ተነሥቼ እጅ መንሣት ጀመርኩ።

ከሰዓት በኋላው ትምህርት አልተቋረጠም። ሹፌሩ ይናገራል፤ እኔ እጨምርለታለሁ። "እንጨቱ እጄ ውስጥ ሲርገፈገፍ" ሲል፣ ያ የታችኛው ድምፅ ሽቦ ወፍራም ስለሆነ ነው እላለሁ። ሥዕሉን በእጅጌዬ ጠርጌ እንደ አዲስ ሳልኩት፤ እሱ በስንዝር እየለካ፣ እኔ እየቆጠርኩ። ሰማንያ ስምንተኛው ጥርስ አባባ መኝታ ሥር ገባ። እሳቸውም እግራቸውን ሰብስበው ቦታ ሰጡት።

ሹፌሩ ከእኔ በፊት ተፈታ። እኔም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያለ ክስ፣ "ሂድ፣ ሥራህን ሥራ" ተብዬ ወጣሁ። አንዳንዴ መናኸሪያ እንገናኛለን። ጋቢና ያስቀምጠኛል፤ ስለ ልጆቹ ስለ መንገዱ እናወራለን። ስለ ፒያኖ ራሱ አንሥቶ አያውቅም፤ እኔም አላነሣበትም። ሰውነቱን መሪው ላይ ዘንበል አድርጎ ሲነዳ ግን ያንን ጠባሳ ያለበትን ጎኑን እያየሁ እቀናለሁ። በዚህ ዕድሜዬ አይለቀኝም መሰል፤ ቅናትና እኔ ተላምደናል።

ዛሬም አስተምራለሁ። ለዘንድሮ ተማሪዎቼ ሁሉም ነገር ስልካቸው ውስጥ አለ። ክፍል ውስጥ ስለ ፒያኒስቶች ሲከራከሩ እኔ የማላውቃቸውን ስሞች ይጠራሉ፣ ቪዲዮ ያሳዩኛል፣ አንዱ ከሌላው ይበልጣል እያሉ ይጯጯሃሉ። በመጨረሻ ወደ እኔ ይዞራሉ፤ "ቲቸር፣ እርስዎ ይፍረዱ። አንደኛው ማን ነው?"

ሴትዮዋ ናት እላቸዋለሁ።

"ሰምተዋታል?" ይሉኛል።

ውሸቱ አሁንም ሁልጊዜ ምላሴ ጫፍ ላይ ይመጣል። ከዚያ፣ "እኔ አልሰማኋትም" እላቸዋለሁ። "የሰማት ሰው ግን አውቃለሁ። እሱን አምነዋለሁ።"